ገና ላልነጋው ሐሙስ የተፈረመ ፊርማ

ለክቡር ሚስተር ላዮኔል ታክሬይ
የግሪምሃቨን የመንገደኞች መርከብ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ በደረቅ መሬት ላይ እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። እኔ አርባ ዓመት በአሳ ፋብሪካ አሳ ስበልት የኖርኩ፣ ፊደል የቆጠርኩትም በስድሳ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ፣ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ጣቴን እያስኬድኩ ሳላነብ አላልፍም። ባለፈው ሰኞ ሆላንድ ያለችውን እህቴን ጠይቄ በመርከብዎ ስመለስ ያጋጠመኝን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የአሳ ጥብሱ ቀዝቃዛ ነበር። ይህን ይቅር ብያለሁ።

፪. ጉልበቴን ስለሚያመኝ፣ በመርከቡ አስተናጋጅ የሆነችው ልጄ ዴኒዝ መኪናዎች በሚጫኑበት በታችኛው ወለል በኩል በአቋራጭ ስታወጣኝ፣ መኪናዎቹ ከሚገቡበት ከኋለኛው ትልቅ በር ሥር ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ። መኮንንዎ ሚስተር ሩዶክ «ወለሉ ታጥቦ ነው፣ እማማ» አሉኝ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ወለልዎን በባሕር ስለሚያሳጥቡ አመሰግናለሁ።

፫. በበሩ አጠገብ የተሰቀለውን የቁጥጥር ወረቀት አነበብኩ። በየጉዞው በሩ መታየቱ የሚጻፍበትና የሚፈረምበት ነው። ዕለቱ የወሩ ዘጠነኛ ቀን ሲሆን ወረቀቱ እስከ ሠላሳ አንድ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ አልቋል። የፊታችን ሐሙስም «በሩ ጥብቅ ነው፤ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር» ተብሎለታል።

ሚስተር ሩዶክ ሳቁ። «እማማ፣ እሱን እኮ ማንም አያነበውም!»

«እኔ አነበብኩት» አልኳቸው፣ ጣቴን ከመስመሩ ላይ ሳላነሳ።

«በስተርጅና የተማረ ሰው ቁጥር ይምታታበታል።»

እውነት ለመናገር ለአፍታ ራሴን ተጠራጠርኩ። ዴኒዝ ግን ጎንበስ ብላ አየችውና በጆሮዬ «ልክ ነሽ እማዬ። አሁን ዝም በይ፣ ከሥራዬ እንዳታስባርሪኝ» አለችኝ።

ሐሙስ ልጄ ከአራት መቶ መንገደኞች ጋር በዚያ መርከብ ትወጣለች። ቅሪ ብዬ ለመንኳት፤ «ከቀረሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል» አለች። ሬዲዮው ለሐሙስ ከባድ የሰሜን ነፋስ ይናገራል፤ ምናልባት የእርስዎን ወረቀት አላነበበ ይሆናል። ስለዚህ ከሐሙስ በፊት አንድ ሰው፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ፣ በሩን በዓይኑ እንዲያይ ያዝዙልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ ለድርጅትዎ ከሚገባው በላይ አክብሮት ያላት ደንበኛዎ፣

ኤድና ስኬልተን

ማስታወሻ፦ አባቴ የተሳፈረባት የአሳ ጀልባ ሳትመለስ በቀረች በሳምንቱ፣ ባለንብረቱ «ጀልባዋ ደህና ነበረች» የሚል ወረቀት ለእናቴ ላኩላት። ማንበብ ስለማትችል በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት አድርጋ መለሰችላቸው። ዓርብ ጠዋት ወደ ቤቴ የሚልኩት ወረቀት ካለ፣ በትልልቅ ፊደል ያስጽፉልኝ፤ ሁሉንም አነበዋለሁ።