ሦስት ቁልፍ ዝቅ ብሎ

ውድ እህቴ እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፤ ደረጃውን ያለ ደጋፊ ትወጪያለሽ? ዓይንሽስ? ይህን ራስሽ እያነበብሽው ከሆነ ተመስገን። ልጅሽ እያነበበችልሽ ከሆነ ግን ቀስ ብላ ታንብብ፤ እንዳትስቅብኝም ንገሪያት። እኔ ደህና ነኝ፤ ድካሙን ካልቆጠርሽው።

ያው እንደምታውቂው፣ አዘቦት ቀን ትምህርት ቤት የሰው ድምፅ ሳቃና እውላለሁ፤ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ሆቴሉ አዳራሽ ጃዝ እዘፍናለሁ። መዝፈን ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ቀሚሱም ያው ጥቁሩ ነው፤ ዚፑ ብቻ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

ፒያኖ የማስተምራት አንዲት ነርስ አለች። ባለፈው እሁድ ሆቴሉ መጥታ ዘፈኔን በስልኳ ቀዳችው። ሰኞ ክፍል ውስጥ ያንን ከድሮው ሲዲዬ ጋር እያስተያየች ፒያኖው ላይ ስትፈልግ ቆየችና፣ መምህር፣ ሲዲው ነው ወይስ ስልኬ የተበላሸው? አለችኝ። ጠጋ ብዬ ሰማሁት። የተበላሸ ነገር የለም። የእሁዱ ዘፈን ከድሮው ሦስት የፒያኖ ቁልፍ ዝቅ ብሎ የተዘፈነ ነው። እኔ ደግሞ ዝቅ ማለቴን አላውቅም! የተማሪ ድምፅ ትንሽ ሲዛነፍ ቁጭ ብድግ የምል ሴትዮ የራሴን አልሰማሁም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ፒያኖ ተጫዋቹ ዘንድ ሄድኩ፤ ጋሽ ቀስ በሉ የምንለው፣ ከበሮ መቺውን ሲቆጣ የሚውለው። እሱም አልካደኝም። ከፍ ያለው ቦታ ላይ አንገትሽ ሲገተር እያየሁ፣ አራት ዓመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሳወርድልሽ ቆየሁ፤ ብነግርሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ አለኝ። መግቢያውን እሱ ይጫወታል፣ እኔ ተከትዬው እገባለሁ፤ በምን ልወቅ? ጮህኩበት። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ከሁሉ ያሳፈረኝ፣ አብረውኝ የሚጫወቱት ጓደኞቼ ሁሉ እያወቁ እኔ ብቻ አለማወቄ ነው። ደክሞኛል፣ እታለም። መድረኩን ልተው ብዬ ለሆቴሉ ኃላፊ ማመልከቻ ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ።

ትናንት ተማሪዎቹ ሲወጡ ያንኑ ዘፈን በዝቅታው፣ አውቄ፣ ብቻዬን ሞከርኩት። ደነገጥኩ። የማውቀው ድምፅ ነው፤ የአንቺ ነው። ልጆች ሆነን ልብስ ስናጥብ አንቺ ስትጀምሪ፣ ድምፅሽ ከበርሜል ውስጥ ነው የሚወጣው እያልኩ በድምፄ ወደ ላይ ወጥቼ ጥዬሽ እሄድ ነበር። አንቺ ሳቅሽ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ፊት ዘፍነሽ አታውቂም። ይህን ሳልክስሽ ፀጉሬ ሸበተ። ይቅር በዪኝ።

ማመልከቻውን ቀድጄዋለሁ። ጋሽ ቀስ በሉንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱ እንኳ ቀስ በይ ብሎ ነው የተቀበለኝ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን፣ ያ የላከልኝ ጫማ ልኬ ሆነ በይው። ልጅሽን፣ ከሳቀችም ሳሚያት። ለአንቺ ግን የወረቀት ሰላምታ አይበቃም። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እመጣለሁ፤ ልብሱን ዘፍዝፈሽ ጠብቂኝ። አንቺ ጀምሪ፤ አሁን የትም ጥዬሽ አልሄድም።

ታናሽሽ

ከትምህርት ቤቱ ሙዚቃ ክፍል፣
ሐሙስ፣ ሰኔ ፱ ቀን