አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ በእግር

ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነዘንዝህ ጉልበትህ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህስ፣ እትዬ፣ ደህና ናት? ደም ግፊቷን ትለካለች ወይስ አሁንም ሐኪሙ ያካብደዋል እያለች ነው? ልጆቹስ? አክስታችን ጆሮዋ ከፈት አለላት ወይስ ዛሬም ደስ ያላትን ብቻ ነው የምትሰማው? እኔ ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ። ስለ እግሬ ወደ በኋላ እነግርሃለሁ።

በልጅህ ስልክ የላክኸው ድምፅ ደርሶኛል። ተሳፋሪ ፌርማታ ላይ ጥላ የምትቀመጥ ሹፌር አላሠለጠንኩም ብለሃል። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ሁለተኛ ሳቅኩ፣ ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶ ፈለግኩ። በስልክ ብመልስልህ አቋርጠህ ስለምትቆጣ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ወረቀት እስኪያልቅ ድረስ ያስወራል።

ሥራ ያቆምነው ጥጋብ ይዞን አይደለም። ደሞዛችን አምስት ዓመት ሙሉ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ዳቦውና የቤት ኪራዩ ግን እኛን አልጠበቁም። ፈረቃው ረዘመ፣ ዕረፍቱ አጠረ። ሦስት ጊዜ አመለከትን፣ ሦስቱንም ጊዜ ጉዳያችሁ እየታየ ነው ተባልን። የሚያየው ሰውዬ ዓይኑ ምን ሆኖ እንደሆነ እንጃ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡሶቹ ከጋራዡ ሳይወጡ ቀሩ፣ እኛም በሩ ላይ ቆምን።

የሰዉን ነገር ልንገርህ። የመጀመሪያው ቀን ማንም አላመነም። ፌርማታው ላይ ተሰልፈው ዛሬስ አበዙት፣ ዘገዩ እያሉ ቆሙ። አድማ ነው የሚል ሰው ሲመጣም ሰልፉን የለቀቀ የለም፤ ምናልባት ቢመጣ ተራዬን አጣለሁ ብሎ ሁሉም ፈራ። በማግስቱ ስድቡ ጀመረ። ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ "ሹፌር አናስተናግድም" ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ። በአምስተኛው ቀን ግን ደንበኞቹ በሙሉ በአውቶቡስ የሚመጡ መሆናቸው ገባውና ወረቀቱን ገልብጦ "ለሹፌር በቅናሽ" ብሎ ጻፈበት። ከጎኑ ያለው ጫማ ጠጋኝ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አይዟችሁ፣ እንዳትበገሩ ይለን ነበር። የከተማው ሶል በአንድ ሳምንት አልቆ እሱ ዘንድ ተኮልኩሏል፤ ዘጠኝ ቀን አይደለም ዘጠኝ ወር ብንቆም ይደግፈናል።

አንዲት አስተማሪ በእግሯ ስታልፍ ቆመችና የእኔን ደሞዝ ብታውቁ ታፍሩ ነበር አለችን። ፍሬኖ የምንለው ጓደኛችን፣ ያው ነዳጅ የሚጨርሰው በመሄድ ሳይሆን ፍሬን በመርገጥ ነው ብለን ያወጣንለት ስም ነው፣ እንግዲያስ ነይ አብረሽን ቁሚ አላት። ትንሽ አሰበችና ክፍለ ጊዜ አለኝ ብላ ሄደች። ዳቦ ሻጯ ግን ከሁሉም ትብሳለች። ከትናንት የተረፋትን ዳቦ ይዛ ትመጣና እያደለችን ትሰድበናለች። ገበያዬን ገደላችሁት፣ ብሉ፣ ምን ዓይነት ጨካኞች ናችሁ፣ አንተ ደግሞ አንድ ጨምር። እኔ ማንንም አልተቀየምኩም። እነሱ ቦታ ብሆን እኔም ምላሴ አያርፍም ነበር።

አሁን ወደ እግሬ ልምጣ። ከአራተኛው ፌርማታ የምትሳፈር አንዲት ሴት አለች፣ ዕድሜዋ ከእትዬ ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም። እኛ ሹፌሮቹ ደቂቃ እንላታለን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍዳብኝ አታውቅም። ትገባለች፣ እንደምን አደርሽ ትለኛለች፣ ከኋላዬ ያለችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ሰዓቷን ታያለች። ሥራዋ ትልቁ ሆቴል ውስጥ አንሶላ መተኮስ ነው። እዚያ ደግሞ ሕጉ የታወቀ ነው፤ በወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ይሰናበታል። የመጀመሪያው ቀን እንደ ሌላው ሰው ሰልፍ ላይ ቆማ አረፈደች። በማግስቱ ታክሲ ስትጋፋ ጉልበተኛው ገፍትሯት ገባና አረፈደች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጋራዡ በእግሬ ስሄድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያው ፌርማታ አገኘኋት። ታክሲዎቹ እየሞሉ ያልፏታል። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ዛሬ ካረፈድኩ አለቀልኝ" አለችኝ።

ጋሼ፣ አንጀቴን በላችው። ነይ፣ በእግር አንድ ሰዓት ሳይሞላ አደርስሻለሁ፣ ይህን መስመር ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም አልኳት። እውነቴንም ነው። መሪ ከማስያዝህ በፊት መስመሩን ሦስት ጊዜ በእግሬ ያስኬድከኝ አንተ አይደለህ? እግርሽ ያላወቀውን መንገድ እጅሽ አያውቀውም እያልክ ከኋላዬ ስታፏጭ ትዝ ይለኛል። የቆሙት ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተው ተከተሉን። መንገድ ላይ እየጨመሩ አሥር ያህል ሆንን። እኔ ሳላስበው በየፌርማታው ቆም እላለሁ፤ አንዱ ሂሳብ ስጡኝ እንዳትዪን ብሎ አሳቃቸው። ደቂቃ እንኳን ሳቀች። ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየኋት።

ገበያው አጠገብ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥታ የሚሄደው ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ለመልስ እንጂ ለመሄጃ አይፈቀድም። ስለዚህ አሥራ አራት ቁጥር በወፍጮ ቤቱ ዞሮ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ነው የሚሄደው። ደቂቃ እጄን ያዝ አድርጋ በቀጥታው አይቀርብም ወይ አለችኝ።

"በዚያ መግባት ክልክል ነው" አልኳት።

ይኸው ነው ያልኩት፣ ከአፌ ወጣ። እሷም አመነችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያመነችኝ ሴት ዛሬ ለምን ትጠራጠረኛለች? ሌሎቹም ወሬ ይዘው ስለነበር ተከተሉን። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ እኔን ደግሞ ምልክት አስከበረኝ፣ ያውም በእግሬ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ዘበኛው ያን ሁሉ ሰው ሲተም አየና ወዴት ነው አለን። ወደ ሆቴሉ አልነው። ወይ ጉድ፣ በዚህ የሚዞረውማ መኪና ነው፣ ሰውን ምን ቆርጦት ብሎ ሳቀ። ምልክቱ ለእግረኛ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለመመለስም ለመሄድም እኩል ርቀት ላይ ነበርን። ደቂቃ ሰዓቷን አየችና መሮጥ ጀመረች። በዚያ ዕድሜዋ ድልድዩን በሩጫ ተሻገረችው። እኔም ከኋላዋ ሮጥኩ፤ ቁርጭምጭሚቴን ወለም ያለኝ ያኔ ነው።

አራት ደቂቃ አሳለፍን። ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ክፉ ሴት አትመስልም፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም አለች። እኔ መሃል ገባሁና ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መንገድ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ ብዬ ለመንኳት። አንቺ ደግሞ ማነሽ ብትለኝ የአሥራ አራት ቁጥር ሹፌር ነኝ አልኳት።

"እንግዲያስ ሦስቱንም ቀን ያስረፈድሻት አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ደቂቃ ከቦርሳዋ የሥራ ሽርጧን አወጣች። ተተኩሶ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ነበር። ለተቆጣጣሪዋ ሰጠችና ዞር ሳትል ሄደች።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ቆምን። ማኅበራችን ለሆቴሉ ደብዳቤ ጻፈላት፣ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል የሚል መልስ መጣ። ቤቷን አጠያይቄ ሄድኩ፤ ጎረቤቷ ሥራ ፍለጋ ወጥታለች አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ከጠየቅነው ግማሹን ጨመሩልንና ተስማማን። ግማሹ ሰው አጨበጨበልን፣ ግማሹ አስቀድማችሁ ብትስማሙ ምን ነበረበት አለን፣ ጫማ ጠጋኙ ብቻ ነው ከልቡ ያዘነው። ፍሬኖ በቅናሽ ፀጉሩን ተስተካከለ።

አሁን ላልከኝ ነገር መልሴን ስማ። ተሳፋሪ ጣልሽ ብለሃል። አዎ ጥያለሁ፣ አንድ። ግን የጣልኳት ቆሜ ሳይሆን ይዤያት ስሄድ ነው። በአድማው አልጸጸትም፤ ነገ ቢጠሩኝም እቆማለሁ። የሚያንገበግበኝ ያ ማዞሪያ ነው። የጥፋቱን ሩብ ደግሞ አንተም ውሰድ፣ በእግሬ ስታስኬደኝ መኪና መሆኔን እንጂ ሰው መሆኔን አልነገርከኝም።

ሰኞ ሥራ ስንጀምር አራተኛው ፌርማታ ላይ ቆማ አገኘኋት። እንደምን አደርሽ አለችኝ፣ ግን ከኋላዬ አልተቀመጠችም፤ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሄደች። ማክሰኞም እንደዚሁ። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ የመተኮስ ሥራ ማግኘቷን ሌላ ተሳፋሪ ነገረኝ፤ ከሆቴሉ አልፎ ነው፣ ደሞዙም ከቀድሞው ያንሳል። የእኛ ሲጨመር የእሷ ተቀነሰ ማለት ነው። ከኋላዬ ያለችው ወንበር ላይ ማንም ሲቀመጥ ደስ አይለኝም፣ ግን ወንበር ነውና ይቀመጣሉ።

ዛሬ ጠዋት መንገዱ የሚከፈልበት ጋ ልዞር ስል ወደ ፊት መጣችና አጠገቤ ቆመች። እዚያ ፌርማታ የለም፣ ማቆም እንደማይቻል አንተም ታውቃለህ።

"እዚህ አውርጂኝ፣ በቀጥታው እሄዳለሁ" አለችኝ።

አቆምኩ። በሩን ከፈትኩላት። ከኋላዬ መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ግን መንገዱን እስክትሻገር ጠበቅኋት። ከዚያ በወፍጮ ቤቱ ዞርኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ሆስፒታሉ ጋ ስደርስ እሷ በሩ ላይ ናት። ሰዓቷን አየች፣ አውቶቡሱን አየች፣ ገባች።

ለእትዬ ግፊቷን እንድትለካ ንገርልኝ፣ ሐኪሙ አላካበደም። አክስታችንን ጮክ ብለህ ሳምልኝ። ለትንሹ ልጅህ የድምፅ መልእክት ከመላኩ በፊት ቁጣህን ትንሽ እንዲቀንሰው አደራ በልልኝ። ትልቋ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው ብለሃል፣ እሰይ። መስመሩን በእግሯ ስታስኬዳት ግን ማፏጨትህን ተውና አብረሃት ሂድ፤ መንገዱ የሚከፈልበት ጋ ስትደርሱ በቀጥታው አስገባት።

እህትህ

ከአሥራ አራት ቁጥር የመጨረሻ ፌርማታ፣ ለመነሳት ሰባት ደቂቃ ሲቀረኝ
ሥራ በጀመርን በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ