የቤትሽ ወረቀትና የልጃችን ፊርማ

ይድረስ ለአስካለ፣ ለልጄ እናት፤

ከተለየሽን ስድስተኛው ክረምት ገባ። «እንዴት ነሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እያስቸገረው መጥቷል። ቤቱን ኖራ አስቀባሁት። የጓሮው ጊሽጣ ዘንድሮ በዝቶ ስላፈራ ለጎረቤት ሁሉ አደልሁ። የኤሌክትሪክ መብራትም ገባልን።

የምጽፍልሽ ግን ግራ ስለገባኝ ነው።

አንቺ ባረፍሽ በዓመቱ ልጃችን ውድነሽ ትምህርቷን ጨርሳ ፈተናውን አለፈች። እኔ ስሰፋ አጠገቤ ቁጭ ብላ የደንበኞቼን ሒሳብ በቃሏ ስትደምር የምትስቂውን ታስታውሻለሽ። «አባባ፣ አዲስ አበባ እየተከፈለ የሚማሩበት የንግድ ትምህርት ቤት አለ። ሒሳብ አያያዝ ተምሬ እመጣና እዚሁ ሐረር ባንክ እሠራለሁ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። የትምህርቱ ክፍያ፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ከአንድ የስፌት መኪና የሚወጣ አልነበረም።

ሌላም መንገድ ነበር። መንግሥት መምህርነት ለሚሠለጥኑ ወጪውን ሁሉ ይችላል፤ የኪስ ገንዘብ ሳይቀር ይሰጣል። ታዲያ ሲጨርሱ የተመደቡበት አገር ሄደው በውሉ የተጻፈውን ዓመት ያገለግላሉ። ጥሎ የወጣ የወጣበትን ወጪ ይመልሳል።

እኔ ጨርቅ ለክቼ እንጂ ዕዳ ለክቼ አላውቅም። ጊደር መጋላ ገበያ እህል የሚነግደው አቶ ደምሴ ገንዘብ ያበድራል ሲሉኝ ሄድሁ። በደንብ ተቀበለኝ፤ ሻይም አዘዘልኝ። ሻዩን ስጨርስ «የሟች ባለቤትህ ቤት አለ አይደል? ወረቀቱ እኔ ዘንድ ይቀመጣል» አለኝ። በየወሩ የምከፍለው ወለዱን ነው፤ ዋናው ዕዳ ንቅንቅ አይልም። ጨርቅ የምገዛቸውን ሐጂ ዑመርን ባማክራቸው «ወላሂ፣ ወለድ ሐራም ነው፤ አልመክርህም። ያለ ወለድ እኔ እሰጥሃለሁ፤ ግን የንግድ ገንዘብ ስለሆነ እስከ መኸር መልስልኝ» አሉኝ። የእሳቸው ከሁሉ የቀና ነበር። ግን ልጅቷ በአንድ መኸር ተምራ አትጨርስም።

ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ስሄድ ደግሞ ጸሐፊው «ዋስ ያስፈልጋታል፤ ዋሱም ቤት ያለው ይሁን» አለኝ። ዞሬ ዞሬ ያው አባትሽ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበው የሠሩት ቤት ላይ ወደቅሁ። ልዩነቱ አቶ ደምሴ ወረቀቱን ዛሬ ይወስዳል፤ መንግሥት ውሉ ከፈረሰ ይጠይቀኛል። እስከዚያው የሚወስደው ልጅቷን ነው።

አስካልዬ፣ ታመሽ ሳለሽ እጄን ይዘሽ «ቤቱንና ልጄን አደራ» ብለሽኝ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መጠበቅ እንደማይቻል ብታውቂ የቱን ታስቀድሚ ነበር? ቤቱን አስይዤ ልጅቷን ወደ ሐረር ልመልሳት ወይስ ቤቱን አቆይቼ እሷን ወደማላውቀው አገር ልስደዳት? ልብስ ለመስፋት እቀመጥና እግሬ መኪናውን ይረሳዋል። ለአንዱ ደንበኛ ሁለት ግራ እጅጌ ሰፍቼ ሰጠሁት።

ውድነሽ ይኼን ሁሉ ታይብኝ ኖሯል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው በላይ ወዳለው ሐኪም ጋራ ወጣን። በግንብ የታጠረው ጀጎል ከበታቻችን ነበር። «አባባ፣ እኔ ብሄድ እመለሳለሁ፤ ቤቱ ከሄደ ግን አይመለስም። ለመንግሥት እፈርማለሁ» አለችኝ። «ሒሳቡስ?» አልኋት። «ለልጆች አስተምረዋለሁ» ብላ ሳቀች፤ ጣቶቿ ግን የነጠላዋን ጫፍ ይገምዱ ነበር። በማግሥቱ እሷ ፈረመች፤ እኔም ዋስ ሆኜ ፈረምሁ።

ሥልጠናዋን ጨርሳ ኢሉባቦር መደቧት። ዝናቡ ልብስ አያደርቅም ትላለች። አምና ለዕረፍት ስትመጣ ከስታ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የአስተማሪ ድምፅ ሆኗል። «ቆጭቶሻል ወይ?» አልኋት። «አንዳንድ ቀን» አለችኝ። በሌላው ቀንስ? አልጠየቅኋትም።

ይኼ ብቻ ቢሆን ልቤ ባረፈ። አናጢው ተካ ልጁን ሊያስተምር ከአቶ ደምሴ ተበድሮ ነበር። ልጁ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወለዱ በለጠውና ቤቱ ተሸጠ። አሁን ጀጎል ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ባለፈው አዝኜለት ልጠይቀው ሄድሁ። ልጁ ግን እንደምንም ትምህርቱን ጨርሶ ተመልሶ፣ ሥራ ይዞ፣ አብሮት ይኖራል። የተቀቀለ ድንች ልጦ ለአባቱ ያቀርብለት ነበር። ተካ «ቤቴን በላሁት!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ሊያጎርሰኝም እጁን ዘረጋ። አብሬአቸው በልቼ፣ ያልተሸጠው ቤታችን ገባሁ። የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ማናችን እንዳተረፍን አላውቅም። አቶ ደምሴን ሳየው እኔን ያላገኘኝ ጠላት አድርጌ አየው ነበር፤ አሁን እሱንም እንዴት እንደማየው ጠፍቶኛል። ተካን ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ብዬ?

አንቺን ግን አልረሳም። ስምሽን በጸሎቴ አነሣለሁ፤ ውድነሽ በመጣች ቁጥር ስላንቺ አወራታለሁ፤ ብቻዬን ስሆንም እንደዚህ እጽፍልሻለሁ። ለዚህ ማንም አላስፈረመኝም።

ባልሽ ኃይሌ