ሽታዬን ሳትናወጥ ለማድረስ

ጥር 13

ዛሬ ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጫንኩ። አይሱዙዋ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታጉረመርማለች... መካኒክ ሊያያት ይገባል። ማታ ቆሰበር ቤቴ ገባሁ። ሽታዬ እራት ስታቀርብ ሽሮውን ከሳህኑ ውጭ አፈሰሰችው። ሳቅንባት። እሷም ሳቀች።

ጥር 14

ለካ የሚሳቅ አልነበረም። ጠዋት፣

«ፀጋው፣ በግራ ዓይኔ በኩል ጥላ አለ» አለችኝ።

«የምን ጥላ?»

«እንጃ... መጋረጃ እየተሳበ የሚዘጋብኝ ይመስላል።»

ጭነቱን ለሌላ ሾፌር ሰጥቼ ሆስፒታል ወሰድኳት። የዓይን ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። በመብራት ብዙ አያት። ከዓይኗ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዶ መላቀቅ ጀምሯል አለ። መሃሉ ገና አልተነካም። ከተነካ ግን... አልጨረሰውም። ስልክ ደወለ። ሰኞ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና የሚሠራላት ተገኘ።

«እኔው እወስዳታለሁ» አልኩት። «መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«ያን ያህል መንገድ እየተንገጫገጨችማ አይሆንም። በአውሮፕላን ይውሰዷት። እስከዚያ ትተኛ። ጭንቅላቷ እንዳይናወጥ።»

ዕድሜዬን በሙሉ መሪ ጨብጬ... የገዛ ሚስቴን ሌላ ሰው ያድርስልኝ?

ጥር 15

ከዚህ ቤት አውሮፕላን የተሳፈረ የለም። ትኬቱን ሽባባው፣ ጎረቤታችን፣ በስልኩ ቆረጠልን። ለሽታዬ መስኮት ጋ ያለውን ወንበር መረጠላት።

ልጃችን ሰርክአዲስ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ያነበበችውን ሁሉ ታስተምረናለች። ሳሎን ውስጥ ወንበር ደርድራ በነጠላ ወገባችንን አሰረችን። ጫማ ጠበቅ ያለ አይደረግም፣ ቀደም ብሎ መድረስ ነው...

«አባዬ፣ ሲነሳ ጆሮ ይደፈናል። ምራቅ መዋጥ ነው። ማስቲካም ይረዳል።»

አማቴ እማማ ውቢት አብረውን ይሄዳሉ። «ልጄን ማን ያስታምምልኛል?» ብለው ቆረጡ። ማር በጀሪካን ይዘዋል። ሰርክአዲስ፣ «አያቴ፣ ፈሳሽ በእጅ አይገባም፤ ከሻንጣ ጋር ይሂድ» ብትላቸው፣

«ማር ፈሳሽ ነው ያለሽ ማነው? የእኔ የረጋ ነው!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እዚያ ወንበር ላይ ታስሬ ስቀመጥ እጄ ማረፊያ አጣ።

«ምን ላድርገው ይህን እጅ?»

ሽታዬ ከተኛችበት፣ «የእኔን ያዝ» አለች።

ጥር 16

ጥላው ሰፍቷል። «ለእማማ እንዳትነግር» አለችኝ።

ጥር 17

አዲስ አበባ ነኝ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ሾፌሩ ጓደኛዬ ባንተአምላክ ሚኒባሱን አውሶኝ፣ ወንበሩን አንስቼ ፍራሽ አነጠፍኩበት። ሲነጋ ወጣን። እስከ ባህር ዳር እንዲያ ነድቼ አላውቅም። ጉድጓድ ሳይ ልቤ ይቆማል። ዳንግላ ላይ ባጃጅ ሳይቀር ጥሩምባ እየነፋ ቀደመኝ። ይቅደም!

ኤርፖርቱ እንደ መስታወት ያበራል። እማማ ውቢት በሩ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ነበር። አንዲት ሠራተኛ ሳንጠይቃት ተሽከርካሪ ወንበር አመጣች። «ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ እናቴ» አለቻት ሽታዬን። ምን ዓይነት ልጅ ናት?

አውሮፕላኑ ሲነሳ... ወንበሩ ከኋላ ገፋኝ። እግሬ ወለሉ ላይ ፍሬን ፈለገ። ከዚያ መሬት የሚባል ነገር ለቀቀን። መንገጫገጭ የለ፣ ጉድጓድ የለ... ዞሬ የሽታዬን ጭንቅላት አየሁ። ትራስ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አንዲት ፀጉር አልተነቃነቀችም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰውን እንዲህ አድርጌ ወስጄ አላውቅም።

እማማ ውቢት ሲያማትቡ ቆዩና አስተናጋጇን፣ «ልጄ፣ ደመናው ከታች ነው ያለው? ታዲያ ዝናቡ ለማን ነው የሚወርደው?» አሏት። ሰርክአዲስ ያጠናችው ሁሉ ጠፍቶባት አፏን ከፍታ ቀርታለች።

ከዚያ መሬቱ ተሰነጠቀ። ዓባይ በረሃ! ገደሉ እንደ ቁስል ተከፍቷል፤ ውኃው ከሥር ቀጭን። ወርጄ ለመውጣት ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ... ያ ሁሉ ጠመዝማዛ፣ ያ ሁሉ የፍሬን ሽታ። ጎማ ፈንድቶብኝ ሙሉ ሌሊት ያደርኩበት።

«ያ ምንድነው?» አለች ሽታዬ።

«ዓባይ በረሃ ነው። የእኔ መንገድ።»

ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በደህናው አየች። ብዙ አየች።

«ይኼን ሁሉ ዓመት እዚህ ውስጥ ነበርክ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ መንገድ ስትለኝ ሜዳ ይመስለኝ ነበር... ቆየህ እያልኩ እቆጣሃለሁ...»

አለቀሰች። አታልቅሺ፣ ለዓይንሽ አይሆንም አልኳት። ስለ እሷ ዓይን ነበር የመጣነው። እሷ ለእኔ ታለቅሳለች። ወዲያው ገደሉ አለፈ። ለካ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የሚታለፍ ነገር ነው። ፈጣሪ ሆይ፣ አንተ ሁልጊዜ የምታየን ከዚህ ነው?

ጥር 18

ገባች። ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ደጅ ቆሜ ነበር። ወጣች። ሐኪሟ ደከም ብላ፣ «በሰዓቱ ነው ያደረሳችኋት። መሃሉ አልተነካም» አለች። ሽፋኑ ወረቀት የማያክል ስስ ነው አሉ። ያንን ሰው በእጁ መልሶ ለጠፈው... እንዴት ያለ እጅ ነው?

ጥር 20

አልጨረስንም። የተለጠፈውን ደግፎ እንዲይዝ ዓይኗ ውስጥ ጋዝ አስገብተዋል። ጋዙ ቦታውን እንዲይዝ ሳምንት ሙሉ በሆዷ፣ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ ትተኛለች። ጋዙ እስኪጠፋም አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ ያብጣል። ለመመለስ ሳምንታት እንጠብቃለን። ሰርክአዲስን ትምህርት እንዳያመልጣት ከአያቷ ጋር ነገ እልካታለሁ። እማማ አሁን አውሮፕላን አልፈሩም፤ «መስኮቱ ጋ እኔ ነኝ» እያሉ ነው።

ሽታዬ ከአልጋው ጫፍ ፊቷን ደፍታ፣ «ሰው ሳላይ ማውራት ሰለቸኝ» አለች። ወለሉ ላይ ጋቢ አንጥፌ ከሥሯ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ፊት ለፊት ሆንን።

ጥር 25

ሥራ ፈትቼ ይህን ያህል ቀን ቆይቼ አላውቅም። አይሱዙዋን ባንተአምላክ ይዟታል። ደውሎ «መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ። «እንጃ» አልኩት። ያለ መሪ፣ ያለ ጭነት፣ ወለል ላይ ተጋድሜ ነው የምውለው። ከተጋደምኩበት የሚታየኝ ፊቷ ብቻ ነው። በጋብቻችን ዘመን ሁሉ ይህን ያህል ሰዓት አይቼው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ፋሻው ተነስቷል። ጋዙ እስኪሳሳ ብርሃን ብቻ ነው የምታዪው ብለዋታል።

«ቀና በል» አለችኝ።

ቀና አልኩ።

«ቅረብ። ገና... ገና...»

አፍንጫችን ሊነካካ ነበር። ደህናውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ትንፋሿ ፊቴ ላይ ነው። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ጢምህ ሸብቷል» አለች።

በሌላ እጇ አመለከተችኝ።

«እዚህ ጋ፣ በከንፈርህ በኩል። መቼ ነው የሸበተው?»

እንዳልንቀሳቀስ ፈርቼ፣ አንገቴ እስኪዝል እንደዚያው ቆየሁላት።