ዝናርህ ውስጥ ያገኘኋቸው ዱልዱሞች

አባዬ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ያለህበትን አንተ ነህ የምታውቀው። ከሄድክ ትናንት ሰማንያ ቀን ሞላህ። በሞትህ መደንገጤ አነሰና ከሞትክ በኋላ ሌላ ድንጋጤ አስቀምጠህልኝ ሄድክ። እንዲህ ይደረጋል? ፊደሌ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ በድንጋጤው ነው፤ ትምህርት ስላቋረጥኩ እንዳይመስልህ።

እማዬ አሁንም «አባትሽን አንቱ በዪ» ትለኛለች፣ ሞተህም እንኳ። አንተ ግን «ተያት፣ አንቱ ስትለኝ የምትሰድበኝ ነው የሚመስለኝ» ትል ስለነበር አንተ እልሃለሁ፤ ብትቆጣም ተነስተህ ተቆጣ።

ቤት ደህና ነው። ቦራው ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ፤ በቆሎው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ውሻህ ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን በሩ ላይ ቆሞ ምንሽር ጠመንጃህን እስክታወርድ ይጠብቃል። ሽንዲ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። መምህሩን ይቅርታ ጠይቂ ይሉኛል፤ አልጠይቅም። የኔን ነገር ተወው፣ የጻፍኩልህ ለሌላ ነው።

ያንን ጠፍጣፋ ድንጋይ ታስታውሳለህ? አስር ዓመቴ ነበር። ሁለት ጥይት ጎን ለጎን አቁመህ «የቱ የማን ነው?» አልከኝ። ቀለሃቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ ያንተም የአደን ጓደኛህ የጋሽ እድሪስም ምንሽር ሁለቱንም ይጎርሳል። የሚለዩት በአፍንጫቸው ብቻ ነው፤ ያንተ ሹል፣ የሳቸው ዱልዱም። «ሹሉ ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ገደል ማዶ የቆመ አጋዘን ጋ ቀጥ ብሎ ይደርሳል። ግን በስቶ ያልፍና አውሬው ይሮጥብሻል፤ ደም ስትከተዪ ትውያለሽ። ዱልዱሙ ከባድ ነው፣ ሩቅ አይሄድም። ጥሻ ውስጥ በቅርብ ያገኘሽውን ድኩላ ግን ትከሻውን ሰብሮ እዚያው ያስቀምጥልሻል፤ አረሩም ሥጋው ውስጥ ይቀራል።» ታዲያ ዱልዱሙ ይሻላላ ስልህ ሳቅህብኝ። ደረቱን ካገኘው ቢላዋ ሳይደርስ ይሞታል፣ ሳይባረክ የሞተውን ማን ይበላዋል አልከኝ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ፊዚክስ ሲያስተምረኝ ምንም አዲስ ነገር አልነገረኝም፤ ይህንኑ ብነግረው ነው የተጣላነው።

የምታውቀውን መልሼ የምነግርህ ካልደጋገምኩት ስለማይገባኝ ነው። አንተ በስመ አብ ብለህ ያረድከውን ጋሽ እድሪስ አይበሉም፤ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው ያረዱትን እኛ አንበላም። ሃያ ዓመት አብራችሁ ቆላ ስትወርዱ በዚህ አንድ ቀን አልተጣላችሁም። ለምን? አውሬውን የጣለው የማን ጥይት ነው የሚለውን አፍንጫው ይናገራላ። ሹል ከሆነ አንተ ታርዳለህ፣ ሥጋው እኛ ቤት ይመጣል። ዱልዱም ከሆነ እሳቸው ያርዳሉ፣ ሥጋው በበቅሎ ቡሬ፣ እሳቸው ቤት ይገባል። አለቀ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ታዲያ ወደ ቡሬ ብቻ ገባ። አንተ «ሳትኩ» ትላለህ፣ እኛ ሽሮ እንበላለን። የዘንድሮ ቅበላ ጎረቤቱ ሁሉ አጋዘን ሲጠብቅ ባዶ እጅህን መጣህ። ያኔ ያልኩህን ታስታውሳለህ። «አባዬ፣ አንተ እኮ የምትተኩሰው ደመና ነው፤ ምንሽሩን ስጠውና ወንጭፍ ልግዛልህ» አልኩህ፣ ሰው ፊት። ጫማህን እያወለቅክ ሳቅህ። በሦስተኛው ሳምንት ታመምክ፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወስደንህ በአራተኛው ቀን በድንህን ይዘን ተመለስን። ይቅር በለኝ ለማለት ነገ እላለሁ ነገ እላለሁ ስል ነገ አለቀብኝ።

በአርባህ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ አያ ሞላ፣ ያ ቧልተኛ ጎረቤታችን፣ ጠላ ሲሞቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ነፍሱን ይማረውና አስማረ ደግ ሰው ነበር። ጥይቱ ግን ከሱም ትብስ ነበር፤ አንድ አውሬ ሳትጎዳ ኖረች!» ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እኔ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ ወርውሬው ተነሳሁ። ቆይ፣ እናንተ አስር እርምጃ ላይ የታሰረ ፍየል የምትስቱ፣ አባቴ ገደል ማዶ በምን እንደሚተኩስ አሳያችኋለሁ አልኩና ዝናርህን ላመጣ ጓዳ ገባሁ።

አንዱን መዘዝኩ፤ ዱልዱም። ሁለተኛውን መዘዝኩ፤ ዱልዱም። ሁሉንም ጉልበቴ ላይ ዘረገፍኳቸው፤ አንድ ሹል የለም። ከጎታው ኋላ እጄን ስሰድ አንድ የተቋጠረ ጨርቅ አገኘሁ። ስፈታው ሹሎችህ፣ አስራ አንድ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለመስቀል ዝገታቸውን አብረን ስንጠርግ አስራ አንድ ነበሩ። አንዷም አልተተኮሰችም። ድንኳኑ ውስጥ ይጠብቁኛል፣ እኔ ጓዳ ተቀምጬ አስራ አንድ፣ አስራ አንድ እላለሁ። ሳልወጣ ቀረሁ።

ታውቀኛለህ፣ ሳስብ ቀድሞ የሚደርስልኝ ንዴት ነው። ጋሽ እድሪስ አታለሉት አልኩ። ሹሉን አስጥለው ዱልዱም አስያዙት፣ አንተ የጣልከው ሁሉ የኔ ነው እያሉ ሦስት ዓመት ሥጋችንን በሉ። ሌላ ምን ይሆናል? በሳምንቱ አንዷን ዱልዱም በርበሬ ከረጢት ውስጥ ቀብሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እስከ ቡሬ ሳስነጥስ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ስድብ እየመረጥኩ ነበር፤ አንዷ በጣም ጥሩ ነበረች፣ አልነግርህም።

ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆምኩ፣ ዝም አሉ። ተጠጋሁ፣ ዝም አሉ። ናቁኝ ብዬ ልጮህ ስል አስነጠሰኝ። «ማነው? የአስማረ ልጅ ነሽ እንዴ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ግን አባዬ፣ እኔ ወደሌለሁበት ነበር የዘረጉት። ዓይናቸው ላይ እንደ አጓት ያለ ነገር ተጋርዷል። ዞሬ ሄጄ እጃቸውን ሳምኩ።

ሻይ አስቀዱልኝና ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ እንኳ ጠርዙን በጣታቸው ይፈልጋሉ። ልጃቸው ርቆ ከሄደ ወዲህ ዓይናቸው እየደከመ መጥቶ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለዩት። ለማንም አልተናገሩም። ቆላ መውረዱን ከከለከሏቸው ሞታቸው እንደሆነ ያውቁታል። «ምራቴ እንኳ የነቃችው ዘንድሮ ነው። አባትሽማ ጭራሽ አልነቃብኝም!» አሉና ሳቁ። ልክ ቤት ውስጥ የተደበቀ ሕጻን ሳይገኝ ሲቀር እንደሚስቀው።

ከዚያ ያንን የቅበላውን አጋዘን አወሩልኝ። ቀንዱ ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ተነስተው ዳበሱልኝ። «ገደል ማዶ ነበር። አባትሽ ‹ከቋጥኙ በላይ፣ ወደ ግራህ› አለኝ። እኔ ኮቴውን በጆሮዬ ሰማሁት። ባንድ ላይ እንተኩስ ማለት ይወድ ነበር፤ ባንድ ላይ ለቀቅን። የሱ እንደ ልማዱ ሳተ። አረሩን ከትከሻው አውጥቶ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ዱልዱም! በጆሮ ነው የጣልኩት የኔ ልጅ፣ በጆሮ!» ዱልዱሙንም እኮ ካለበት እያፈላለገ የሚያመጣላቸው አንተ ነበርክ አሉኝ።

አባዬ፣ ሻዩ አፌ ውስጥ ቀረ።

ወንጭፍ ልግዛልህ ያልኩህ ዕለት ለካ ገደል ማዶ የቆመ አጋዘን፣ ሩቅ በማይሄደው ጥይት፣ ትከሻው ላይ መትተህ መምጣትህ ነበር። ያውም ቢላዋው እስኪደርስ እንዲተነፍስ አድርገህ። ያውም ለሰው ቢላዋ። እኔ ደግሞ ደመና አልኩህ። አንተም ጫማህን እያወለቅክ ሳቅህ።

ጥይቷ ከረጢቱ ውስጥ እጄን ታቃጥለኛለች። አፌ ሞላ። ይህ አፍ ለመምህር ያልተመለሰ፣ ለቄስ ያልተመለሰ፣ ላንተም ያልተመለሰ አፍ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ብናገር አንተ የአገሩ ተኳሽ ትሆናለህ፣ አያ ሞላ አፉን ይዘጋል። እሳቸው ግን ያንን ቀንድ ዳግመኛ አይዳብሱትም።

እሳቸው ቀጠሉ። «አስማረ ቢስት ቢስት አንድ ቀን በኔ ቀንቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? ተኩስ ግን አልሆነለትም፣ አይደል?» ብለው መልሴን ሊሰሙ ጆሯቸውን ወደኔ አዘነበሉ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። «አባዬ ተኩስ አልሆነለትም ነበር።»

ይኸው፣ ሁለተኛ ሰደብኩህ። የመጀመሪያው በራሴ አፍ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ባንተ አፍ ይመስለኛል። ምን አመጣሽልኝ ሲሉኝ በርበሬ አልኩና ጥይቷን መዳፌ ውስጥ ደብቄ ከረጢቱን ሰጠኋቸው። መረቁኝ። አልቅሼ ሳስነጥስ በርበሬው ነው ብለው ሳቁብኝ።

ትናንት በሰማንያህ አያ ሞላ ያንኑ ቀልድ ደገመ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፣ ማንቆርቆሪያው ሊበር ነው ብሎ። ብርጭቆውን ሞላሁለትና አለፍኩ። እማዬ ደንግጣ ግንባሬን ነካች፤ ያመመኝ መስሏታል።

ዱልዱሟን ዝናርህ ላይ መልሻታለሁ። ይህን ወረቀት ከአስራ አንዱ ሹሎች ጋር ቋጥሬ ከጎታው ኋላ አስቀምጠዋለሁ፤ ጋሽ እድሪስ በሕይወት እስካሉ ማንም አያነበውም። ከቋጥኙ በላይ፣ ወደ ግራ የቆመውን አጋዘን እኔ አየሁልህ አባዬ። ሰው በሳቀብህ ቁጥር አየዋለሁ፣ ጠላም እቀዳለሁ።

ሚጥሚጣዋ ልጅህ