ክንድ ከጋት

ደሬ ሆዴ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞልቶ ጥቂት ቀናት አለፉ። እንዴት ሰነበትክ ልልህ እጄ ተነሥቶ ነበር፤ ልማድ ነው። ያለህበት ሰላም እንደሆነ አምናለሁና የእኛን ልንገርህ። ልጃችን ሜሮን ደህና ናት። ቁመቷ እኔን አልፎ ሄዷል፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ በዚያ በኩል የተለወጠ ነገር የለም። ታክሲህን ለባለቤቱ መለስን። ወንበርህ ላይ አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ብዬ ነው እንጂ ለወገቤስ አይስማማኝም። ከአፕል ቫሊ ልቀቂ፣ ሐበሻ ወደሚበዛበት የሚኒሶታ ሰፈር ግቢ ያላለኝ የለም። አልሄድኩም። ሐይቁ እዚህ ስለሆነ አልሄድኩም።

የምጽፍልህ ስለ ዓሣው ነው። ይህን ደብዳቤ ሌሎችም እንዲያነቡት ስለምፈልግ፣ በተለይም ልብ ብለው እንዲያነቡት የምፈልጋቸው ስላሉ፣ አንተ የምታውቀውንም ጭምር ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ። አትሰልች። በሕይወት ሳለህም ወሬ ሳስረዝም ትታገሠኝ ነበር።

የሐይቅ ልጅ ነኝ ትል ነበር። ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ተወልጄ ዓሣ አያቅተኝም እያልክ በየቅዳሜው ማለዳ ዘንግህን ይዘህ ከቤታችን ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ሐይቅ ትወርዳለህ። የምታመጣው ግን መዳፍ የማይሞላ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ እሱንም አብዛኛውን ጊዜ አዝነህለት ትመልሰዋለህ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እያልኩ እስቅብህ ነበር። አንተ የምትፈልገው ባስ የሚሉትን ነው፤ ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት፣ አፉን ሲከፍት ቡጢ የሚያስገባ። ትንንሾቹ ሞልተዋል። ትልልቆቹ ግን እዚያች ሐይቅ ውስጥ እንዲህ በቀላሉ አይያዙም። ውሃዋ ከመጥራቱ የተነሣ ታች ያለው ድንጋይ ይቆጠራል፤ አንተ ዓሣውን ሳታየው እሱ አንተን አይቶ ጨርሷል።

ከዚያ አምና በበጋው፣ አንድ ማለዳ እስከ ጉልበትህ ርሰህ ገባህ። ቁርስ አልበላህም። አንድ ትልቅ ባስ ውሃው ላይ ከተዘረጉት ሰፋፊ ቅጠሎች ሥር ወጥቶ መንጠቆህ ላይ ያለውን የላስቲክ ትል እንደዋጠው፣ እስከ ዳር እንደጎተትከው፣ ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ከአፉ እስከ ጭራው እንዳየኸው፣ ከዚያ ክሩ እንደተበጠሰ ነገርከን። ግራ ክንድህን ጠረጴዛው ላይ አጋድመህ፣ ከጣቶችህ ጫፍ ላይ የቀኝ እጅህን አራት ጣት ጨምረህ ለካህልን። ክንድ ከጋት። ሜሮን «ዋው» ብላ ወደ ቴሌቪዥኗ ተመለሰች። እኔ አመንኩህ። ዋሽተኸኝ አታውቅም ማለቴ አይደለም፤ ሲጋራ ተውኩ ብለህ ስንት ጊዜ ዋሽተኸኛል። ግን ስትዋሽ ጆሮህን ታካለህ። ያን ቀን ጆሮህን አልነካህም።

ወዳጅህ ግርማ ግን አላመነም። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ክርስትና ተጠርተን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተረክላቸው። ግርማ «ወይ ደረጀ! ነገ ደግሞ ክንድ ከስንዝር ይሆናል» አለ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምህ ተለወጠ። ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር «ክንድ ከጋት መጣ» ይሉህ ጀመር። አብረሃቸው ሳቅክ። ቤት ስንገባ ግን ጫማህን እየፈታህ «እውነቴን ነው እኮ ጥሩዬ» አልከኝ። ሐይቁ በረዶ ሳይሆን አወጣውና ያዩታል ብለህም ፎከርክ። በመስከረም፣ ሥራ ላይ ሳለህ፣ ልብህ ከዳህ። ሳትሰናበተኝ ሄድክ።

በሰልስትህ ቤታችን በሰው ሞላ። ግርማ ዓይኑ እስኪያብጥ አልቅሶልሃል፤ ይህን አልክድበትም። ሐዘኑን ሊያቀልልን ብሎ ይሆናል የዓሣህን ነገር አነሣ። «ምስኪን ክንድ ከጋት፣ ገነትም ገብቶ ዓሣውን እያስረዘመ ይሆናል» አለ። ለቅሶ ደራሹ እያለቀሰ ሳቀ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ጥቁሬን ለብሼ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጥኩ እንባዬ ቆመ። ሙት መልስ አይሰጥም፤ የሚሉትን ይሉታል፣ እሱም ዝም ይላል። ባሌ በውሸታም ስም አይቀርም አልኩ በሆዴ። ያን ዓሣ አወጣዋለሁ። በሙት ዓመቱ ግርማ ፊት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

እንዲህ ብዬ የቆረጥኩት በመስከረም ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ በረዶ ሆነ። ክረምቱን ሙሉ ብሉሚንግተን ከሥራ፣ ከሽማግሌዎቹ መጦሪያ ቤት ስመለስ፣ መኪናዬን አቁሜ አየው ነበር። አንድ ቀን በረዶው ላይ ተራመድኩበት። ዓሣው ከእግሬ በታች የሆነ ቦታ ላይ አለ እያልኩ በቦቲዬ መታ መታ አደረግሁት። ያየኝ ሰው አበደች ሳይለኝ አይቀርም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ባስ ማጥመድ የሚፈቀድበት ወቅት ሲከፈት የማጥመጃ ላይሰንስ ልገዛ ሄድኩ። አንተ በየዓመቱ የምታወጣው የባልና ሚስት የሚባለውን ነበር፤ መንጠቆ ይዤ ባላውቅም ስሜ ከስምህ አጠገብ ይጻፍ ነበር። ሻጩ ሰውዬ እንደ ልማዱ የባልና ሚስት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የእኔ ብቻ ነው አልኩት። ከሱቁ ወጥቼ መኪና ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ወደ ቤት ግን አልተመለስኩም፤ ዓይኔን ጠርጌ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ነዳሁ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ያጠመድኩት ዛፍ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ዛሬም የላስቲክ ትሎቼ ተንጠልጥለዋል። ቋጠሮው ግን አላስቸገረኝም፤ ሳሎን ውስጥ ክሩን የወንበር እግር ላይ እያሰርክ ስታሳየኝ፣ ከማጥበቅሽ በፊት በምራቅሽ አርጥቢው ስትለኝ፣ የማልሰማ መስዬ እሰማህ ነበር። ክሩንም በአዲስ ቀየርኩት። ያንተ ክር ዓመታት ያስቆጠረ ነበር፣ በእጄ ስስበው እንኳ ይበጠሳል። ይህን ብትሰማ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ተቆጣ።

ብዙ ተባለብኝ። ሐዘንተኛ ሴት፣ ዓመት ሳይሞላት፣ ጥቁሯን ለብሳ ዓሣ ታሳድዳለች አሉ። ሜሮን «ማም፣ ሲሪየስሊ?» አለች። ግርማ ደወለልኝና «ጥሩወርቅ፣ ራስሽን ሪላክስ አድርጊ እንጂ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለኝ። ዘንዶም ቢሆን አወጣዋለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም ተጋመሰ፣ መዳፍ ከማይሞላው ዓሣ በቀር ምንም የለም። አንድ ጠዋት ላይ፣ ደሬ፣ ተጠራጠርኩህ። ውሃ ነገርን ያጎላል፣ ምናልባት ትንሽ ዓሣ ትልቅ መስሎት ይሆናል አልኩ። ከመሞትህ ያላነሰ አመመኝ።

በሳምንቱ ያየሁትን ልንገርህ። ማለዳው ስለሚቀዘቅዝ እናትህ የላኩልህን ነጭ ጋቢ እየደረብኩ ነበር የምወርደው፤ አንተም እንደዚያው ታደርግ ነበርና። ዳር ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ትንንሾቹ ዓሦች ከቅጠሎቹ ሥር ተሰልፈው ቆመዋል። ነፋስ መጣና የጋቢውን ጫፍ አነሣው። ሁሉም ብን አሉ። እስኪመለሱ ጠበቅሁና ጫፉን በእጄ አውለበለብኩት። እንደገና ብን! አይ ደሬ! ያን ሁሉ ዓመት ነጭ ጋቢ ተከናንበህ እንደ ቄስ ውሃው ዳር ስትቆም፣ የዓሣው አገር በሙሉ እያየህ ይሸሽ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ ጋቢ ለብሶ ዓሣ የሚያጠምድ ከእኛ ሌላ ማን ይኖራል? ብቻዬን እስካነባ ሳቅሁ። በሳቄ መሐል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትልቁ የመጣብህ ማለዳ ጋቢ አልደረብክም ነበር። ልጠበው ብዬ የነጠቅሁህ እኔ ነኝ፣ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ነበር፣ አንተም እያጉረመረምክ ጥቁር ሹራብህን ለብሰህ ነው የወጣኸው። ያኔ ጥርጣሬዬ ሁሉ ለቀቀኝ። ጋቢውን አጣጥፌ መኪና ውስጥ አኖርኩት። ከሥሩ የለበስኩት የሐዘን ልብሴን ነው። በጥቁሬ የዛፍ ጥላ ውስጥ ገብቼ ስቆም ትንንሾቹ እግሬ ሥር ድረስ መጡ።

ትልቋ ዓሣ የመጣችው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ጭጋጉ ገና ከውሃው ላይ አልተነሣም። ትሉን ከቅጠሎቹ ጠርዝ አሳልፌ ወረወርኩና እስኪሰምጥ ጠበቅሁ። ማንም ሳይነካው ክሩ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። አልቸኮልኩም። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ዘላ ከውሃው ወጣች፤ አፏን ከፍታ ጭንቅላቷን አራገፈች። ወደ ቅጠሎቹ ልትገባብኝ ስትል ዘንጉን ወደ ሌላው ጎን አጋድሜ ያዝኳት። ስትጎትተኝ እለቅላታለሁ፣ ስትደክም እሰበስባለሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ውሃው ውስጥ ገባሁ። አይበጠስም፣ አይበጠስም እያልኩ እንደ ጸሎት እደግም ነበር። በመጨረሻ አውራ ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ የታች ከንፈሯን ጨበጥኩ።

ቀኝ እጄ ከንፈሯን እንደያዘ ግራ ክንዴን ሆዷ ሥር አስገባሁ። ጭራዋን ክርኔ ላይ ሳደርግ የጣቶቼ ጫፍ ጉንጯ ጋ እንኳ በቅጡ አልደረሰም፤ የተረፈው ከጋት ያልፋል። ግን የእኔ ክንድ አጭር ነው። ባንተ ክንድ ስትለካ ልክ ክንድ ከጋት ናት። አንዲት ጣት እንኳ አልጨመርክም፣ ደሬ። አልዋሸህም! ብዬ ጮኽኩ፤ ከማዶ ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰውዬ ግራ ገብቶት እጁን አወዛወዘልኝ።

መኪናዬ ውስጥ በረዶ የሞላ ሳጥን ነበረኝ። ገድዬ ልወስዳት ነው የመጣሁት። እዚያው ውሃ ውስጥ ቆሜ አሰብኩ። ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጣት ግርማ ምን ይላል? ይህቺ የጥሩወርቅ ናት፣ የደረጀ ሌላ ነው ይላል። ሲመሽ አጥንቷን እንጥላለን፣ ሐይቋም ባዶ ትቀራለች፣ ያንተም ቃል ባዶ ይቀራል። እዚህ በሕይወት ካለች ግን ማየት የፈለገ ሄዶ ማየት ይችላል። ለግርማ ሳቅ ብዬ አልገድላትም አልኩ። ትንፋሿ እስኪመለስ ውሃው ውስጥ ደግፌ ያዝኳት፤ ከዚያ ከእጄ ወጥታ ሄደች። ፎቶ አላነሣሁም፣ ካሜራው መኪና ውስጥ ነበር፣ ሮጬ እስክመለስ ትሞትብኝ ነበር።

ሙት ዓመትህን በደንብ አወጣን። ካህናቱ ጸልየው ሰው በልቶ ሲያበቃ ብድግ አልኩ። ሐዘንተኛ ሴት በተዝካር ላይ ተነሥታ ስትናገር አልተለመደም፤ እኔ ተናገርኩ። ደረጀ ያያትን ዓሣ በእጄ ይዣታለሁ፣ ክንድ ከጋት ናት፣ ለቅቄያታለሁ አልኳቸው። ከዚያ ግርማ «ፎቶስ? ፎቶ ከሌለማ ኖ ዲል!» አለና ሰዉ ሳቀ። እኔን አላሳፈረኝም። ሜሮን ግን ከጓዳ ወጣች። «ማይ ማም ዳዝንት ላይ» አለች፣ እናቴ አትዋሽም ማለቷ ነው፤ ቀጥላም ሁሉም እንዲሰማት በአማርኛ «አባቴም አይዋሽም» አለች። ከቀብርህ ወዲህ አባቴ ስትል ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

በሚመጣው ግንቦትም እወርዳለሁ፣ ከዚያም በኋላ፣ ጉልበቴ እስከያዘኝ ድረስ። ስምህ በተነሣበት ቤት ሁሉ እኔ አለሁ፤ ያየኸውን አይቻለሁና አንተን የሚያስተባብል ከእኔ ጋር ይጣላል። እስከ ዕለተ ሞቴ ይህን አልተውም፣ አንተንም አልረሳም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የዚያን ቀን ሰው ሲበተን ግርማ መኪናውን አስነሥቶ፣ መልሶ አጥፍቶ፣ ወደ በራችን መጣ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ምልሽ፣ ዓሣዋ በስንት ሰዓት ነው ትሉን የምትበላው?» አለኝ። ደረጀ የክርስትናው ቀን ሰዓቱንም ነግሮህ ነበር፣ እየሳቅህ ስለነበር አልሰማኸውም አልኩት።

ጥሩዬህ