የፈላፍል ዘይት ሳሙና

ጥቅምት 8

ዛሬም ኮምጣጤ። ዓይኔን ሳልገልጥ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። "አጎቴ" የምትለኝ የልጄ የራጊብ ሚስት፣ ዊዳድ፣ መስኮቱን በኮምጣጤና በአሮጌ ጋዜጣ ትፈትጋለች። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ደግሞ የሎሚ ልጣጭ በኮምጣጤ ዘፍዝፋ ያስቀመጠችበት ጠርሙስ አለ። ላዩ ላይ ነጭ ነገር አውጥቷል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የወለል ማጽጃ ነው አጎቴ።"

"እሱንስ ማን ያጽዳው?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ይሄን የምትጽፈው ሚስቴ ሁስኒያ ናት። ከወደቀች አራት ወር ሆናት። ቀኝ ጎኗ እምቢ አለ። እጇ ግን ሊመለስ ይፈልጋል። ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ ደብተር አመጣችና "በየቀኑ ጻፊ፣ አለዚያ ጣቶችሽ ይደርቃሉ" አለቻት። ሁስኒያ ወደ እኔ ዞረች። "ሃምሳ ዓመት ስትለፈልፍ ኖረሃል። አሁንም ተናገር፣ እኔ ልጻፍ።" ይኸው እየተናገርኩ ነው። ሰው እንዲያነበው አይደለም። ለጣቷ ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም።

ጥቅምት 9

ምስር በላን። ጨው የለውም። "ዊዳድ፣ ከናብሉስ ጨው ጠፋ እንዴ?" አልኳት። ራጊብ አቀርቅሮ ይጎርሳል። ሚስቱን ፈርቶ ነው። ተነሥቼ ጨው ነሰነስኩበት። አሁንም ምንም... ጨውም ድሮ ቀረ።

ጥቅምት 14

የመጨረሻዋ ሳሙና አለቀች። የሠራሁበት የሳሙና ፋብሪካ ሲዘጋ አንድ ሣጥን ተሸክሜ ወጥቼ ነበር። ዛሬ ዊዳድ የሁስኒያን ጀርባ ስታጥብ ሳሙናዋ እንደ ወረቀት ሳስታ እጇ ላይ ተሰበረች። ስባሪዎቹን ኪሴ ከተትኳቸው።

ቀላል ነገር አይደለም። ሁስኒያ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነው የምትውለው። ነርሷ ዳሌዋን አይታ ፊቷን አጨፈገገች። "ይሄ የቀላው ከተላጠ በቀላሉ አይድንም። ንጹሕና ደረቅ ይሁን። የሚያሳክካት ነገር አይንካት።" የሱቁን ፈሳሽ ሳሙና ባለፈው ሞከርነው። ገላዋን ስትፎክት ዋለች።

እዚያ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ቀማሽ ነበርኩ። የወይራ ዘይቱ ቆዳ ከሚያቃጥለው ኮስቲክ ሶዳ ጋር በትልቁ የመዳብ ጋን ለቀናት ይፈላል። አለቃው እንጨት ነክሮ ያወጣና "ምላሱን ጥሩት!" ብሎ ይጮኻል። ምላሱ እኔ ነኝ። ነካ አደርገዋለሁ። ከነከሰኝ ሶዳው አላለቀም ማለት ነው፣ "ገና ነው" እላለሁ። የፋብሪካው ባለቤት ራሱ ቆሞ ቢለምነኝ እሳቱ አይጠፋም። ዝም ካለ "ተኝቷል" እላለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። አንድም ቀን!

ሁስኒያ "ከሌላው ፋብሪካ ግዛ" አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሰድባቸው ኖሬ ዛሬ ሄጄ ልግዛ? አይደረግም።

ጥቅምት 19

የዛሬው ከሁሉም ባሰ። ራጊብ ሁለት ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ይዞ ገባ። ከታችኛው ፈላፍል ቤት፣ የተፈጨ ሽምብራ በዘይት ከሚጠብሱበት። እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። የፈላፍል ፍርፋሪ ይዋኝበታል። ዝንብም አለችበት። እሷ እንኳ አልዋኘችም፣ ሞታለች።

"ምን ሊሆን ነው?"

"ሳሙና ልሠራበት ነው አጎቴ" አለች ዊዳድ። "የልብስም፣ የገላም።"

"የማን ገላ?"

ጀሪካኑን ከፈተች።

አጠለለችው። ማጥለያው የራጊብ አሮጌ ካናቴራ ነው! ቀጥላ ሚዛን አወጣች። ኮስቲክ ሶዳውን እንደ ወርቅ ሻጭ በግራም ትመዝናለች። ጓንት አድርጋ፣ መስኮት ከፍታ፣ ውሃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ጨመረችው፣ ከዚያ ከዘይቱ ጋር ስታማስል ዋለች። ላስቲክ የተነጠፈበት የጫማ ካርቶን ውስጥ ገለበጠችው። ቀለሙን አልናገርም። ሁስኒያ ገና እራት አልበላችም።

"አርባ ቀን ይደርቃል" አለች።

"አርባ ዓመት ቢደርቅም ፈላፍል ነው" አልኳት።

ጥቅምት 26

ሹክሪ ሁስኒያን ሊጠይቅ መጣ። ፋብሪካችን ውስጥ ሳሙና ቆራጭ ነበር። ገና በሩ ላይ አፍንጫውን ነፋ።

"የራጊብ አባት፣ ፈላፍል ቤት ከፈታችሁ እንዴ? በል ለእኔም አምስት ፍሬ ጠቅልልልኝ!"

በሳቅ ሊሞት ነው። ሁስኒያም ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከወደቀች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ቢሆንም... ውርደት ነው። ምላሱ የተባለው ሰው ቤት!

ኅዳር 6

የሁስኒያ ወንድም ከመንደር የዘንድሮውን የወይራ ዘይት ላከ። አረንጓዴ። ገና ሲከፈት የቅጠል ሽታው ቤቱን ሞላው። ኮምጣጤው ለአንድ ቀን አፈረ።

እኔ ራሴ ሳሙና እሠራለሁ አልኩ።

"አጎቴ፣ ይሄ የዓመት ምግባችን ነው እኮ" አለች ዊዳድ።

"የእኔ ሚስት ከሰላጣ ታንሳለች?"

ትልቁን ድስት ጣድኩ። ዊዳድ ሚዛኗን ይዛ መጣች። "ሶዳውን ልመዝንልዎት?" ሚዛን ምላስ ለሌለው ሰው ነው አልኳት። በዓይኔ ለካሁ። ድሮም በዓይን ነው። በእርግጥ ድሮ የሚለካው አለቃው ነበር... ግን አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።

ኅዳር 7

ሁለት ቀን ፈላ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንጨቱን ነከርኩ። በምላሴ ነካሁት። ምንም። ውሃ የቀመስኩ ያህል ነው። ሌላ ቦታ ነከርኩ። ምንም።

"ተኝቷል!" ብዬ ጮኽኩ። ስንት ዓመቴ ነው ይህችን ቃል ካልኳት? ሁስኒያ ከአልጋዋ ሆና አጨበጨበች፣ በአንድ እጇ ጭኗን እየመታች።

"እኔም ልቅመሰው?" አለች ዊዳድ።

"አንቺ ፈላፍልሽን ቅመሺ።"

ኅዳር 12

በክር ቆረጥኩት። ነጭ ነው። እንደ ድሮው እየተደረደረ ክፍት ክፍት ተደርጎ ተከምሯል፣ ነፋስ እንዲገባው። የዊዳድ ቡናማ ጉድ አጠገቡ ተቀምጧል። ዓይኔን ወደዚያ አላዞርም። ዛሬም የበላሁት ሩዝ ጨው የለውም።

ኅዳር 20

አልናገርም ብዬ ነበር። ሁስኒያ በሆዷ ተኝታ፣ ደብተሩን ትራሷ ላይ አድርጋ፣ "የተላጠው ጀርባዬ ነው፣ እጄ ደህና ነው። ተናገር" አለችኝ።

እሺ።

ትናንት ዊዳድ ገበያ ሄደች። ሁስኒያ ጀርባዋን እያሳከካት ነበር። ሳሙናው ከተቆረጠ ሳምንት ሆኖታል፣ ምላሴ ደግሞ ተናግሯል። ምን እጠብቃለሁ? በራሴ እጅ ላጥባት ፈለግሁ። አረፋው ወተት ይመስላል። ደህና አድርጌ ቀባኋት፣ ቶሎም አላለቀለቅኋት፣ ይጥቀማት ብዬ።

"ያቃጥለኛል" አለች።

"ንጹሕ ስለሆነ ነው።"

"ያቃጥለኛል አልኩህ!"

ሳየው ጀርባዋ በርበሬ መስሏል። ትከሻዋ ላይ ቆዳዋ ተነሥቷል። ሶዳን የሚገድለው ኮምጣጤ ነው ብዬ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ዊዳድ በሩን ስትከፍት ጠርሙሱን ይዤ ነው ያገኘችኝ። ነጠቀችኝ። "ውሃ! ውሃ ብቻ!" ብላ ጮኸችብኝ። ጮኸችብኝ፣ እኔም ታዘዝኩ። እኔ ባልዲ በባልዲ ላይ አመላልሳለሁ፣ እሷ ታፈሳለች። አንሶላው፣ ፍራሹ፣ ወለሉ ሁሉ ውሃ ሆነ።

ነርሷ መጣች። "ውሃው ነው ያተረፋት። ወደ ዳሌዋ ወርዶ ቢሆን ኖሮ..." ብላ ተወችው። በምን እንደሆነ ጠየቀች። ዊዳድ እኔን አላየችም። "በሳሙና" አለች። የማን ሳሙና እንደሆነ አልተናገረችም።

የእኔ ሳሙና ነው። ጻፊው።

ኅዳር 22

ሾርባ ቀረበ። ቀመስኩ። ጨው የለውም ልል አፌን ከፈትኩና... ዘጋሁት። ራጊብን አየሁት።

"ጨው አለው?"

ልጄ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አለው አባቴ።"

"የትናንቱስ?"

"ሁሌም አለው።"

ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? "ይቆጣሉ ብዬ" አለኝ። ልክ ነው፣ እቆጣ ነበር።

ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ማንኪያ ጨው አፌ ውስጥ ከተትኩ። አሸዋ። ሎሚ ቆረጥኩ። እርጥብ ጨርቅ። አፍንጫዬ ብቻ ናት የቀረችኝ። በዚያችም ቢሆን የማሸተው ኮምጣጤ ነው።

ስለዚህ ሳሙናው አልተኛም ነበር። የሞተው ምላሴ ነው።

ከመቼ ጀምሮ? በፋብሪካው የመጨረሻ ዓመታት "ተኝቷል" ስል... ያኔስ እርግጠኛ ነበርኩ? ይሄን አትጻፊው።

"ጻፍኩት" አለች።

ኅዳር 29

የዊዳድ ሳሙና አርባ ቀን ሞላው። መጀመሪያ በምላሷ ነካችው። ከዚያ የራሷን ክንድ አጥባ እስከ ከሰዓት በኋላ ጠበቀች። ከዚያ ነው የሁስኒያን እግርና ክንድ ያጠበችው። ጀርባዋ ገና ስላልዳነ በውሃ ብቻ ታብሷል።

ወንበር ይዤ በር ላይ ቁጭ አልኩ፣ እንዲያሳክካት እየጠበቅሁ። በውስጤ ምን እንደምመኝ አላውቅም ነበር... አውቃለሁ። እንዲያሳክካት አይደለም። ግን ደስም አላለኝም።

አላሳከካትም። ጠጋ ብዬ አሸተትኳት። ፈላፍል። በደንብ አይደለም፣ ከሩቅ። ሃምሳ ዓመት አጠገቧ ተኝቼ እንዲህ ሸትታ አታውቅም። ያስጠላል። ነገርኳት። "እንግዲያው ፈላፍል የሚበላበትን የሰሊጥ ጠሂና ጨምርበት" አለችኝ።

ታኅሣሥ 3

ሳሙናዬን ሰብስቤ ልጥለው ወጣሁ። ዊዳድ ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

"ይሄ ሁሉ የወይራ ዘይት ይጣላል? አጎቴ፣ ሶዳው ስለበዛ ነው። ሌላ ዘይት ከጨመርንበት ትርፉን ይበላዋል።"

"የትኛው ዘይት?"

ጀሪካኑን አሳየችኝ።

የሁስኒያ ወንድም ዛፍ ላይ ወጥቶ ያወረደው ወይራ ከዝንቢቱ ዘይት ጋር! አቤት ጉድ። ሹክሪ ይሄን እንዳይሰማ። ዊዳድ ሳሙናዬን በአይብ መፈቅፈቂያ ፈቀፈቀችው፣ ውሃ ጨመረች፣ የፈላፍሉን ዘይት አጥልላ እየመዘነች አፈሰሰችው። ነጩ ሳሙናዬ ፊቴ ቆሞ ቡናማ ሆነ። እሷ ማማሰል ሲያቅታት ማማሰያውን ተቀበልኳት። እስከ አስር ሰዓት አላረፍኩም። ክንዴ ገና አልሞተም።

"ጎበዝ ነዎት" አለችኝ። ስንት ዓመቴ ነው "ጎበዝ" ከተባልኩ?

ጥር 2

ወደ ዊዳድ ሄድኩ። የተቀላቀለውን ሳሙና በሁለት እጄ ያዝኩላት።

"ቅመሺ።"

ነካ አደረገችው። ዓይኗን ጨፈነች፣ ማንም ሳያስተምራት፣ እንደ እኔ።

"ይነክሳል?"

"ትንሽ። ገና ነው አጎቴ።"

ሃያ ስድስት ዓመት "ገና ነው" ባዩ እኔ ነበርኩ። ስባል ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ያኔ ምን ይሰማው እንደነበር አወቅሁ። መልሼ ከመደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

ጥር 13

ዛሬ ዊዳድ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ እኔን እያየች "ተኝቷል" አለች። ቃሌን ከየት አገኘችው? ሁስኒያ ደብተሩን አንብባላት ይሆናል። ሰው አያነበውም ተባብለን ነበር! ሁስኒያ እየጻፈች ትስቃለች።

ጀርባዋ ድኗል። ትከሻዋ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል ነጭ ምልክት ቀርቷል። እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዳሌዋ አልተላጠም፣ መቅላቱም ለቀቀ። ዊዳድ በአዲሱ ሳሙና አጠበቻት፣ እኔ ውሃ አቀበልኩ። ይሸታል? ይሸታል። ከነርሷ ጀምሮ ቤቱ የገባ ሁሉ ይርበዋል። የሎሚ ልጣጩ ጠርሙስም እዚያው ነው፣ ነጩ ነገር ወፍሯል። ዛሬም ያስጠላኛል። ይሄም ይጻፍ።

ምሳ ምስር ነበር። ሁሉም እኔን ያያሉ። አንድ ጎረስኩ። አሸዋ።

"ዊዳድ፣ ጨው አለው?"

"አለው አጎቴ። በልኩ ነው።"

በላሁ።